የጋራ ስሌታችን

ዛሃሪ፣

የጋገርኩት የአይብ ባኒጻ ምድጃ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ማሞቂያው ዛሬም ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ድፋው።

ጠዋት ስሌታችንን ልቀጥል ኢንተርኔት ላይ ብከፍተው «ማየት ብቻ ተፈቅዶልዎታል» አለኝ። ፈቃዱን ካንተ ሌላ ማን ይቀይረዋል? የገጹን ደንብ አነበብኩት። አካውንቱ በስሙ የሆነ ሰው የፈለገውን ሰው ጽሑፉን ከማረም ሊከለክል ይችላል ይላል። ስንመዘገብ «በማን ስም ይሁን?» ስትለኝ፣ «ያንተ ሆነ የእኔ ምን ለየው!» ብዬ የሳቅሁት እኔው ነኝ።

ለሂሳብ ጉባኤው ብቻህን፣ በስምህ ልታቀርበው መሆኑ ገብቶኛል።
ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።

እናቴ ጋ ፕሌቨን ከተማ ሄጃለሁ። አትደውል። ቁልፌ ጠረጴዛው ላይ አለልህ።

ስሌቱ ውስጥ አንድ ስህተት አለ፤ ቅድም አየሁት።
ምን ላድርግ፣ ማየት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።

ኔቬና