የነጡ ጣቶች ደብተር

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ ጣቶቼ ስምንት ጊዜ ነጡ።

ከፊት ሞልቼዋለሁ። ስምንት ጊዜ፤ ረጅሙ አርባ ደቂቃ፤ ሕመም ከአሥር ሰባት። ከግርጌ «ያደሩበት ከተማ» ይላል፤ ደሴ። ነርሷ ሲ/ር ሀና ስትሰጠኝ እንዳሳየችኝ ነው የሞላሁት። ደብተሬ፣ የፊት ገጽህ የጥናቱ ነው። ከጀርባ ያለው ባዶ ወረቀት የማንም አይደለም። ለእኔ ይሁን።

መጀመሪያ እንደ ኖራ ይነጣሉ። ከዚያ ይጠቁራሉ። ሲሞቁ ቀልተው ያቃጥላሉ። ቆዳው ደግሞ እያደር ይደድራል። ዓምና ቀለበቴ አልወልቅ ብሎ በመጋዝ ተቆረጠ። ዘንድሮ ጡጫ መጨበጥ አቃተኝ። ዶ/ሩ ስክሌሮደርማ ይለዋል። ቆዳንና ሥጋን የሚያያይዘው ነገር ያለ ልክ ይበዛል፣ ይወጥራል፣ የደም ሥርም ያጠባል አለ። ለምን እንደሚበዛ ጠየቅሁት። አይታወቅም።

መድኃኒቱ ገና እየተጠና ነው። ለግማሻችን መድኃኒት፣ ለግማሻችን መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚውጥ ሲ/ር ሀናም አታውቅም፣ ዶ/ሩም አያውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሄደን እንታያለን።

ፒያሳ ሱቄ ውስጥ አንድ ጉርድ ቀሚስ ሳልጨርስ ዋልኩ። መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ጎረቤቴ ጫማ ሻጯ ናት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የቀኝ አመልካች ጣቴ ጫፍ ላይ ቁስል። የምስር ፍሬ ያህላል። መሃሉ ጥቁር።

ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ከጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ጉም። ፊቴን አልታጠብኩም፤ ውሃው እንደ ምላጭ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ነጡ። መቀስ መያዝ ቀረ። አንዲት ደንበኛ፣ አስካለ ዘንድሮ እጅሽ ከበደ፣ ሀብታም ሆንሽ እንዴ አለችኝ። ሳቅሁላት። ጨርቋን መለስኩላት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

እህቴ ወርቄ ከኮምቦልቻ ደወለች። ውረጅ። እዚህ ሰው በነጠላ ነው የሚውለው አለች።

ፈርሜያለሁ አልኳት። እስከ ጥር መጨረሻ ደጋ ማደር ግዴታ ነው። ብርዱ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ክኒኑ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ሲ/ር ሀና ሦስት ጊዜ ደግማ አስረድታናለች። መውጣት መብታችሁ ነው፣ የሚወርድ ሰው ይንገረን ብቻ ብላለች። የወጣ ግን ክኒኑ ይቀርበታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዶ/ርም የወጣውን ሰው የሚያየው እንደ ማንኛውም በሽተኛ በወረፋ ነው። ወረፋውን አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ጠብቄበታለሁ።

ወርቄ፦ ጣትሽ ከሚወድቅ ፊርማሽ ይውደቅ።

ስልኩን ዘጋሁባት።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ኮምቦልቻ

ወረድኩ።

ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርስ ጓንቴን አወለቅሁ። ተርሚናል ስንደርስ ሹራቤን። ጣቶቼ ቀልተው ዋሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልነጡም። ከፊት ዜሮ ብዬ ሞላሁ። ዜሮው እውነት ነው።

ከግርጌ ግን ደሴ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ነው። ነገ እመለሳለሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አልተመለስኩም። ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ መኪና ወደ ደሴ ወጣሁ። ሲ/ር ሀና የፊት ገጾችህን ብቻ ገልብጣ ቁጥሮቹን ወሰደች። ወደ ጀርባህ አታልፍም፤ ቁጥር ነው የምትፈልገው። ቁስሉ ደርቋል። ፎቶ አነሱት።

አግዳሚው ላይ ዘሐራ አጠገቤ ተቀመጠች። ከኩታበር በላይ ካለ አገር የምትመጣ ገበሬ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ እጅ ላም ታልባለች፣ ጭቃ ታቦካለች። ሦስት ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሰው እንሶስላ ሲሞቅ ቀይ ይወጣለታል፣ የእኔ እንሶስላ ጥቁር ወጣ እታለም፣ የሞቅሁት ከማን ሠርግ ይሆን ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ክኒኖቻችንን አወጣንና አስተያየን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም መሃላቸው ላይ መስመር። አንድ ነው አለች። መልኩ ነው አንድ የሆነው አልኳት። አልሰማችኝም። ጣቴን ነበር የምታየው።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮምቦልቻ። በወርቄ የስፌት መኪና ሦስት ቀሚስ ሰፋሁ። ክሩን ራሴ አስገባሁ። አንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባህም፤ ወረቀት ነህ።

ዶ/ሩ እጄን ይዞ ቆየ። ቁስሉ ጠፍቷል። የመጀመሪያውን ፎቶና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጎ ለሁለት ተማሪዎቹ አሳያቸው። ወጣት ነው፤ ደስታው ያስታውቃል። እንደ እርስዎ ያለ አላየሁም፣ ምን የተለየ ነገር አደረጉ አለኝ። ምንም አልኩት። ያንንም ጻፈው።

ዘሐራ በሩ ላይ ጠብቃኛለች። ቁስሏ ወደ አራተኛው ጣት አልፏል። ወንድሟ ሐርቡ ነው የሚኖረው፤ ቆላ ነው፣ ነይ ብሏታል። ወርጄ ብነግራቸው ክኒኑ ይቀርብኛል፤ የአንቺ በክኒኑ ነው የዳነው፤ ምን ትያለሽ እታለም?

ሲ/ር ሀና ከእኛ ሁለት እርምጃ ርቃ ካርድ ትፈልጋለች። የምትሰማ መሰለኝ። አሁን ሐርቡ ይሻላል ብል፣ አንቺስ በምን አወቅሽ ትለኛለች።

ክኒኑን አትተዪ አልኳት።

«ወላሂ በይ?»

«በእመቤቴ።»

እጄን ሳበችና ሳመችው። የዳነውን ጣት።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። ኮምቦልቻ

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ከግርጌ ደሴ፣ ደሴ፣ ደሴ።

የዘሐራን ነገር ለወርቄ ነገርኳት። ሐኪሟ አይደለሽም፣ ለጠየቀሽ ሰው ያሰብሽውን ተናገርሽ አለች። ያሰብኩትን አይደለም የተናገርኩት። እሷ ቬንትሌተሩን አዞረችው። ሙቀቱ አስመረራት። እኔ ከነፋሱ ሸሽቼ ጥግ ተቀመጥኩ።

ምናልባት ክኒኑ ነው ያዳነኝ። ምናልባት ሁለቱም ነው። ይህን ለማጣራት አንድ ሳምንት ደሴ ማደር ይበቃል። አላደርኩም። ፈራሁ። መልሱን ስለማውቀው ነው የፈራሁት።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ዘሐራ ሹራቧን በአንድ እጇ ነው የለበሰችው። ቀኙ አብጧል። ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ከአጠገባችን ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አየችው።

እኔን ግን ታጽናናኛለች። ፊቴ ልክ እንዳልሆነ አይታ። አብሽሪ፣ የአንቺም ወዲያው አይደለም የሠራው፣ የእኔም ይሠራል አለች። ከተራዬ በፊት ልነግራት ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ስሜን የተጠራሁ መሰለኝ። አልተጠራሁም ነበር።

ሲ/ር ሀና ቁስሏን አጠበች። ዛሬውኑ መተኛት አለብሽ አለቻት። ልጆቼን ለማን ልስጥ አለች ዘሐራ። ለነገ ቀጠሩ። ሄደች።

ዶ/ሩ ለእኔ፦ ቆዳዎ ሳይቀር ለስልሷል፣ ጎበዝ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ገና ትናንት አለፈ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

የዘሐራ ቦታ ባዶ። ሲ/ር ሀናን ጠየቅኋት። በማግስቱ አልመጣችም። ከስምንት ቀን በኋላ በሰው ሸክም መጣች። መርዙ ወደ ላይ ሳይወጣ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ፎቅ ላይ ተኝታለች።

ደረጃው ድረስ ሄድኩ። አሥራ አራት ደረጃ ነው። ስድስተኛው ላይ ተመለስኩ።

ጥር 3፣ እሑድ

ዛሬ ወጣሁ፤ አሥራ አራቱንም።

ቀኝ እጇ ትራስ ላይ ነው። መሃል ጣትና አመልካች የሉም። ብርቱካን ይዤ ነበር። መላጥ እንደማትችል ያሰብኩት ከሰጠኋት በኋላ ነው። ላጥኩላት። ጣቶቼ ሲልጡ አየች። ማሻአላህ አለች። ከልቧ ነው። ቂም ብታሳየኝ ይቀለኝ ነበር።

አልሐምዱሊላህ አውራ ጣቴ ተርፏል አለች። ላም በአውራ ጣት ብቻ አትታለብም፣ ግን ላሟን እየሰደብኩ እሞክራለሁ።

ከዚያ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ዶ/ሩ ክኒኑን እናቁም ብሏት ነበር። እሷ ናት ለምና ያስቀጠለችው። አስካለን አታያትም ወይ ብላዋለች። የእኔን ጣት ምስክር ቆጥራ። ግራ እጇን ገልጣ አሳየችኝ። ቀለበት ጣቷ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል። መሃሉ ጥቁር።

ወንድሜ ዛሬም ሐርቡ ነይ ይላል፣ አልሰማውም አለች። ስወጣ አገሬ ገብቼ ክኒኔን እውጣለሁ።

ብርቱካኑን አጎረስኳት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ይህን እንድታውቀው ነው የምጽፈው። እዚያው ነበርኩ፣ ጠየቀችኝ ማለት ይቻላል፣ ብርቱካን አጎረስኳት።

ጥር 8፣ ዓርብ። ኮምቦልቻ

ዜሮ።

እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ። ጥሩ ጣቶች ናቸው። አስጠሉኝ።

ብነግራቸው ምን ይሆናል? ከጥናቱ እወጣለሁ። የሁለት ወር ተኩል ሥራቸው ይበላሻል፤ ያ ልጅ ዶ/ር ለተማሪዎቹ ምን ይላል? ወረፋ ይመለሳል። በሽታው ሳንባ ሊይዝ ይችላል፣ ለዚህም ነው በየጊዜው የምናይሽ ብለውኛል። ኮምቦልቻ ጣት ያሞቃል፤ ሳንባ አይመረምርም። እሞታለሁ ማለት አይደለም። ማለትም ሊሆን ይችላል።

ባልነግራቸውስ? የዘሐራ ግራ እጅ።

ወርቄ ራት ብዪ አለችኝ። አልበላሁም። እኔን ማኩረፍ ጀምራለች፤ ቤቷን የለቅሶ ቤት አደረግሽው ትላለች።

ጥር 13፣ ረቡዕ ለሐሙስ። ደሴ

ቧንቧ ውሃ ቤቴ አደርኩ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከኮምቦልቻ መጥቼ ከቤቴ መጣሁ ብዬ መዋሸት ሰለቸኝ ልበል ወይስ ማየት ፈለግሁ፤ ሁለቱም።

ክኒኑን በሰዓቱ ዋጥኩ። እስከ ጠዋት አምስት ጊዜ ነጡ። ቤቱ ያው ነው፣ ብርዱ ያው ነው፣ ጣቶቼም ያው ናቸው። ከፊት አምስት ብዬ ሞላሁ። ከግርጌ ደሴ። ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ደሴ።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ጠ. 4 ሰዓት ተኩል

ቆሜ ነው የምጽፈው። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት። ከፊቴ ሦስት ሰው።

የሆነው ይኸውልህ። ሲ/ር ሀና የዛሬውን አምስት አይታ ደነገጠች። ብርድ መትቶሽ ይሆናል፣ አንድ ቀን ምንም አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች። ቁጥሮቹ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። የጥናቱ ማባዣ ተበላሽቷል። የፊት ገጾችህን ሁለት ሁለት ኮፒ አስደርገሽ ነይ፣ የኋላው ባዶ ነው አያስፈልግም አለችኝ። ዶ/ሩ ውጤትዎን ለባልደረቦቼ ላቀርብ ነው አለኝ። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ዘሐራን አየኋት። የመውጫ ወረቀቷን ይዛለች። ባሏ ፌስታሏን ይዟል። የስድስት ሰዓቱን የኩታበር መኪና ይይዛሉ። ቆይ እመለሳለሁ አልኳት። ምን ልትለኝ ነው አለች። ቆይ አልኳት።

ሁለት ሰው ቀረ። በሩ ክፍት ነው፤ ነፋስ ይገባል። ግራዬ ነጥቷል። አልቆጥረውም።

ተራዬ ደረሰ። ሠራተኛዋ ተቀብላ ገለበጠችህ። የፊቱን ብቻ ነው ወይስ የኋላውም ይነሳ እናቴ? የኋላው ብዙ ተጽፎበታል አለች። ለማንበብ ጎንበስ ስትል መለስኩህ። ትንሽ ቆይ አልኳት። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ፣ ኮፒ ነው ወይስ ኑዛዜ ብሎ አጉረመረመ።

ከፊት ስልሳ ያህል ቦታ ደሴ ይላል። ሁሉንም ለመሰረዝ ጣቴ አይችልም። የመጀመሪያውን፣ የኅዳር 14ን፣ ሰርዤ ኮምቦልቻ ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን እነሱ ይሰርዙ፤ ከጀርባህ ያነቡታል።

መጀመሪያ ኮሪደሩ። ሐርቡ ውረጂ፣ ዛሬውኑ፣ ከዚሁ። የቀረውን ባሏ ፊት እነግራታለሁ። ከዚያ ሲ/ር ሀና። ኮፒ አይደለም የምሰጣት፤ አንተኑ ነው፣ ከነጀርባህ።

ሴትዮዋ እንግዲህ ይነሳ አይነሳ ትላለች። ማሽኑ ክዳኑን ከፍቶ ይበራል። አይነሳ

ወጣሁ