ቡሹ ተርፏል

ውድ ብሮንዊን፣

ይህን በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩልሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ካልጉርሊ በሚገኘው የማዕድን ሠራተኞች ካምፕ፣ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ያን ቀይ አፈር ከቦት ጫማሽ እያራገፍሽ የምታነቢው ይመስለኛል። ጫማሽን አውልቂ። ስለ ጫማ ማውለቅ እኔም የምነግርሽ አለኝ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። የአባትሽን ጀልባ የመለወጫ ወረቀት አልፈረምኩም። ቁልፏም እጄ ላይ የለም። ባሕር ውስጥ ነው። የወረወርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን መቆጣት ትችያለሽ። ስትጨርሺ ቀጥይ።

የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «አጎቴ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው የምመጣው፤ አንዱን ሳምንት ጀልባዋን ስፍቅ፣ ሌላውን ስቀባ ያልቃል። አንድም ቀን ዓሣ ሳላጠምድ እመለሳለሁ። የጀልባ ኤግዚቢሽኑ ላይ አሮጌ በአዲስ የሚለውጡ አሉ። ሄደህ ምረጥልኝ፣ ዓይንህን አምናለሁ» ነበር ያልሽው። ውክልናውንም አብረሽ ላክሽ። እውነት ነው የምልሽ፣ ከቤት ስወጣ ልክ ነሽ ብዬ ነበር። ጀልባዋ «ምናልባት ነገ» ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። አባትሽ ያን ስም ያወጣላት መቼ ትጨርሳታለህ ባልነው ቁጥር የሚመልስልን እሱን ስለነበር ነው። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እሷ ደግሞ አሁንም አላለቀችም።

ለዋጮቹ ቁልፏንና ፎቶዋን ይዛችሁ ኑ ስላሉ ቁልፉን ከነቡሹ ኪሴ ከተትኩ። ቡሹን ታስታውሺዋለሽ። ጥርስ ስታወጪ የነከስሽው ነው፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። አባትሽ «ቁልፍ ከእጅ ያመልጣል፤ ቡሽ ካለው ግን አምልጦም ይጠብቅሃል» ይል ነበር። አዲስ ቡሽ ባገኘ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ሚስማር አስሮ ውኃ ላይ ይጥለዋል። ሚስማሩን ይዞ ከተንሳፈፈ ቁልፉን ያስርበታል፤ ከሰጠመ የጠፋው ሚስማር ብቻ ነው። ይህን ነገር አትርሺው።

ጎረቤቴ ግሌኒስ አብራኝ ሄደች። አርባ ዓመት ዓሣ ስትሸጥ ኖራ አሁን ጡረታ የወጣችው፣ ምላሷ ግን ጡረታ ያልወጣው ግሌኒስ። ከዊነም ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ነዳን። መኪና የሚቆመው ላሞች ትናንት የለቀቁት ሜዳ ላይ ነው፤ ለዚያ ሠላሳ ዶላር። ከሜዳው እስከ በሩ አውቶቡስ አለ ተብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። በሩ ላይ ለእያንዳንዳችን አርባ አምስት ዶላር። ከዚያ አንዱ ጥበቃ የግሌኒስን ቦርሳ ከፈተና ሳንድዊቾቹን አወጣ።

«ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው።»

«ይሄ ምግብ አይደለም የኔ ልጅ፣ የትናንት የበግ ጥብስ ነው» አለችው።

«ወይ ይጣላል፣ ወይ እዚሁ ይበላል።»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ወረፋውን ሁሉ ዘግታ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች በላቻቸው። የእኔንም ድርሻ ጭምር። እኔ ውስጥ ገብቼ አሥራ ዘጠኝ ዶላር የከፈልኩበትን የሥጋ ፓይ በላሁ፤ መሃሉ በረዶ ነበር።

አንቺ የምታውቂው ኤግዚቢሽን ቀርቷል። ከበሩ እስከ ውኃው ድረስ ድንኳኖቹን ቆጠርኩ፤ ከአሥራ ዘጠኙ ጀልባ ነክ የሆኑት አራት ናቸው። የማይጣበቅ መጥበሻ፣ ጀርባ የሚያሽ ወንበር፣ ራሱ የሚጨመቅ መወልወያ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ። ግሌኒስ መወልወያ ገዛች። ቀኑን ሙሉ ያን መወልወያ እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አንግታ ነው የዞረችው።

ግራ በኩል ያለው ጥግ ትዝ ይልሻል? ሽማግሌዎቹ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው ገመድ የሚገምዱበት፣ አሮጌ የነሐስ ዕቃ የሚሸጡበት፣ አንቺ የመጀመሪያ ቋጠሮሽን የተማርሽበት? እኔ ሞተር በትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት እዚያ ጥግ ቆሜ እነዚያን ሰዎች በጥያቄ አድክሜ ነው። ዘንድሮ እዚያ የሻምፓኝ ቤት ተተክሏል። ነጭ ሶፋ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ነጭ ውሻ። አስተናጋጁን «ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?» ስለው «የትኞቹ?» ሲል አንዴ እኔን፣ አንዴ ግሌኒስን አየ።

ጀልባዎቹ ደግሞ በገመድ ታጥረዋል። «በቀጠሮ ብቻ» ይላል። ቀጠሮ ለመያዝ ወረቀት የያዘች ልጅ «በጀትህ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ሳትሰማ ጫማሽን ታያለች። እኔ «የወንድሜ ልጅ የወርቅ ማዕድን አላት» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ የምትሠሪበት አለሽ አልኩ እንጂ ያንቺ ነው አላልኩም። አንዱን ለማየት ፈቀዱልን፤ አርባ ደቂቃ ወረፋ።

ጀልባዋ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ጫማ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። አወለቅኩ። ግሌኒስ ወደ እግሬ አየች።

«መርቭ፣ አውራ ጣትህ ከካልሲው ከነቤተሰቡ ወጥቷል።»

«አየር ይፈልጋል።»

«አየሩንስ አገኘ። እኛ ነን ያጣነው።»

ጀልባዋ ላይ የሰጡን ሦስት ደቂቃ ነው። የወይን ማቀዝቀዣ አሳዩን፣ በረዶ የሚሠራ ሳጥን አሳዩን፣ ከውኃ ሥር ቀለሙን የሚቀያይር መብራት አሳዩን። ሞተሩን ልይ አልኩ። ለኤግዚቢሽን ስለታሸገ አይከፈትም አሉኝ። ዓሣ የሚጸዳበት ቦታስ? የምታስጎበኘን ልጅ «ዓሣ?» አለችና ነጩን ምንጣፍ አየች። ብሮንዊን፣ ለዚያች ጀልባ የተጠየቀው ዋጋ የእኔን ቤት ከነመሬቱ ይገዛል፤ አንድ ዓሣ ግን መድማት አይፈቀድለትም። ለአንቺ አቅም የሚሆኑት ትንንሾቹስ ካልሽ፣ እነሱን አላመጧቸውም። ያመጡት ሥዕላቸውን ነው።

በጣም ተናድጄ ነበር፤ ግን ቃል ስለገባሁልሽ ወደ መለወጫው ድንኳን ሄድኩ። ድንኳኑ ተንሳፋፊው መተላለፊያ ላይ፣ ውኃው አፍ ላይ ነው የተተከለው። ብሬደን የሚባል፣ በሃምሳ ዓመት የምበልጠው ልጅ «ና ወዳጄ፣ ተቀመጥ» አለኝ። ያመጣኋቸውን ዘጠኝ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። እሱ ታብሌቱን አነሳ።

«የተሠራችበት ዓመት?»

ነገርኩት።

«ከምንድን ነው የተሠራችው?»

«ከእንጨት። ወንድሜ በእጁ ነው የሠራት። እዚህ ፎቶ ላይ እንደምታየው፣ የፊት ጫፏ አጎነባበስ...»

«እንጨት የሚል ምርጫ የለም ወዳጄ። ‹ሌላ› ልበለው?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ። ዝም ብሎ ሌላ።»

ጣቱን አሳረፈ፣ መሣሪያው ትንሽ አሰበ፣ የጀልባዋ ግምት መጣ። ዜሮ። «ግን ደስ የሚለው ነገር፣ አዲስ ከኛ ከገዛችሁ መጥተን በነጻ እናነሳላችኋለን። እስከ ዓርብ ድረስ ደግሞ ልዩ ቅናሽ አለ» አለ። አሮጌ ሶፋ የሚያነሳ ነው የመሰለኝ። ፎቶዎቹን አንድም ጊዜ አላያቸውም።

ግሌኒስ መወልወያዋን መሬት ላይ አቆመች። «ስማ የኔ ልጅ፣ እኛ የሞተ ዓሣ ስንገዛ እንኳ ዓይኑን እናያለን።»

«አሠራሩ እንዲህ ነው እናቴ።»

ለነገሩ ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ሊያስደስተኝ ፈልጎ ቁልፉን ከእጄ ተቀበለና፣ ቡሹን በጥሶ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ፣ ቁልፉን ሰማያዊ የድርጅቱ መያዣ ላይ አሰረው። «ስጦታ ነው። የሚንሳፈፍ ነው።» ከዚያ እስክሪብቶ አቀበለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው። መያዣውን ጨበጥኩት። ድፍን ነው፤ እንደ መኪና ጎማ ይከብዳል። እዚያው በእጄ ላይ እያለ እንደማይንሳፈፍ አውቄያለሁ። ወረፋው ላይ የቆሙትን ሰዎች አየሁ፣ እስክሪብቶውን አየሁ፣ ያ የልጅነት ተንኮሌ ተነሳብኝ።

«እርግጠኛ ነህ ይንሳፈፋል?» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«መቶ በመቶ። ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ማንበብ ይችላል?»

«ማን?»

«ውኃው።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቁ ሞቆኝ ሳለ ወደ ውኃው ወረወርኩት። እኔ የአባትሽ ወንድም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስማር ሲያስር እያየሁት የኖርኩ ሰውዬ፣ ሚስማር ሳላስር።

ድንጋይ እንኳ ሲሰጥም ድምፅ አለው። እሱ ግን ያለ አንዳች ድምፅ ነው የሄደው። ክብ ክብ የውኃ መስመር ወጣ፣ ጠፋ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። ብሬደን ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና «ላዩ ላይ ግን ተጽፏል» አለ፤ ለራሱ ነው የሚመስለው። እኔ በሆዴ ተኝቼ ዓይኔን ውኃው ላይ ደቀንኩ። አረንጓዴ ጭቃና አንድ የሻምፓኝ ጠርሙስ። ጥበቃ መጣ፤ መዋኘት ክልክል፣ መረብ መጣል ክልክል፣ መተላለፊያው ላይ መተኛትም ክልክል። ሰኞ ለአዘጋጆቹ ደውዬ ጠላቂ ላኩልኝ አልኳቸው፤ የጠፋ ዕቃ ቅጽ ሙላ አሉኝ። ሞላሁ። «ዕቃው ያለበት ቦታ» በሚለው ላይ «ታች» ብዬ ጻፍኩ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ዘንዶውንም አላወጣሁም።

ወደ መኪናው ስንመለስ ግሌኒስ መወልወያዋን አንግታ ከፊቴ ቀደመች። ከዚያ የላሞቹ ሜዳ ጋ ስንደርስ «መርቭ፣ ፊትህ ላይ ያለው ሐዘን አይመስለኝም» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንተ ታውቃለህ። እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ።»

አወቅኩት፣ ብሮንዊን። ይህን ካልነገርኩሽ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። የፈለግሁት ልጁን ማሳፈር ብቻ ነበር፤ በዚህ እምላለሁ። ነገር ግን ቁልፉ ሲሰጥም፣ ከንዴቱ ሥር እፎይታ ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ፣ መፈረም የማልችልበት ምክንያት ስላገኘሁ። ወንድሜ ዳግ ሲሞት ለቀስተኛውን ሁሉ ሳስቅ እንደዋልኩ ታስታውሻለሽ። አንቺ ያኔ «አጎቴ፣ አንተ መቼ ነው የምታዝነው?» ብለሽኝ ነበር። መልስ አልሰጠሁሽም። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ያቺን ጀልባ ሄጄ እጠርጋታለሁ፤ ጀልባ ለመጥረግ አይደለም የምሄደው። መልሱ ያ ነው።

ይህ ግን የእኔ ጉዳይ እንጂ ያንቺ ዕዳ አይደለም። ጀልባዋ ያንቺ ናት፤ ለእኔ የተሰጠኝ ውክልና ነው። በቀልድ አሳብቤ በውሳኔሽ ላይ መወሰን አልነበረብኝም። የዓርቡ ቅናሽ አልፏል፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። አዲስ ማስነሻ ከነቁልፉ መግጠም ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግጠም ካልሽኝ ነገውኑ እገጥማለሁ፣ ሽጥ ካልሽኝም እሸጣለሁ። ያለ ቀልድ፣ ያለ ተንኮል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በመስከረም ስትመጪ፣ ከመወሰንሽ በፊት አንዴ አስነሺያት። ቁልፍ አያስፈልግሽም። ሞተሩ በእጅ በሚዞረው ብረትም ይነሳል፤ አባትሽ ግማሽ ዙር ሄዶ የሚያቆምበትን፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅበትን ቦታ ያስተማረው ላንቺ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዴ የእጄ አንጓ ወልቆብኛል። ተነስታ፣ ያንን ሳሏን ስላ፣ የሻላ ወፎቹ ከምሰሶው ላይ ከተነሱ በኋላ አሁንም ትለወጥ ካልሽ፣ ፎቶዋን የሚያይ ሰው ፈልገን እንሰጣታለን። መፋቁንና መቀባቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ተዪው። በሁለቱ ሳምንት አንቺ ዓሣሽን አጥምጂ። ግሌኒስ መወልወያዋን አውሳኛለች፤ አይጨመቅም።

ቡሹን ከብሬደን የቆሻሻ ቅርጫት፣ ከቡና ኩባያዎች መሃል ያወጣችው እሷ ናት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከመላኬ በፊት ሚስማር አስሬ ማዕድ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ተንሳፈፈ፤ የነከስሽበት ወደ ላይ ሆኖ።

ሚስማሩን አልፈታሁትም። ቁልፍ እስክናስርበት ይቆይ።

አጎትሽ መርቭ
ዊነም