ከቡሬዎች በኋላ የወጣ የወይዘሮ ባንቺአየሁ ገነነ የሐዘን መግለጫ

ከ“ደጅ ድረስ” የማኅበረሰብ መጓጓዣ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ፍኖተ ሰላም
ለአባላት፣ ለሠራተኞች፣ ለተሳፋሪዎችና ለማንኩሳ አካባቢ ሕዝብ በሙሉ

ማኅበራችን የመሥራች አባሉን የወይዘሮ ባንቺአየሁ ገነነን ዕረፍት የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ባደረባቸው ሕመም በፍኖተ ሰላም ከተማ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ማንኩሳ አጠገብ በሚገኘው ደብራቸው ተፈጽሟል።

የቡሬው ምርኩዝ የመጓጓዣ ማኅበር ሐዘኑን በዕለቱ በቴሌግራም ገጹ ማውጣቱን አይተናል። ፎቶግራፋቸውን ለጥፎ “የማኅበራችን እናት” ሲል ጽፏል። አንብበነዋል፤ ደጋግመን አንብበነዋል። በዚህ ላይ አስተያየት የመስጠት ፍላጎት የለንም። ሆኖም ፎቶው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በእኛ መኪና በር ላይ መሆኑን፣ ከጀርባቸው የሚታየው ሰማያዊ ቀለምም የእኛ መሆኑን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ በበርበሬ ንግድ የታወቁ፣ በሚዛናቸው የማይታሙ ሴት ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ እግሮቻቸው አልታዘዝ ስላሏቸው ስድስት ዓመት ያህል ከቤት የሚወጡት ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ሲሸከማቸው ብቻ ነበር። ቤታቸው ከዋናው አስፋልት ለጤነኛ ሰው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ያ መንገድ ክረምት ሲገባ ለዊልቸር ከቶ የማይታሰብ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት ከሰባቱ መሥራቾች አንዷ ሆነዋል። ስሙንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስለ ፍጥነት ብዙ ሲወራ ሰምተው “ፈጥኖ አስፋልት ላይ ከሚጠብቀኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን ደጄ ድረስ ይምጣልኝ” ብለዋል። ይህ በቃለ ጉባኤ ቁጥር 2 ሰፍሯል፤ የሚጠራጠር ማንኛውም የቡሬ ሰው በሥራ ሰዓት መጥቶ ሊያየው ይችላል።

በ2010 ዓ.ም. የሚኒባሳችን የኋላ ወንበሮች ወልቀው የጣውላ መወጣጫ ሲሠራለት ሥራውን የተቆጣጠሩት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ናቸው። አናጺውን ሦስት ጊዜ አስፈርሰውታል።

በ2011 ዓ.ም. እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ አስወስነዋል። ማንኛውም አዲስ አሽከርካሪ የመኪናውን ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ዊልቸር ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሌላ ሰው እየተገፋ መወጣጫውን መውጣትና መውረድ አለበት። ይኸው ደንብ አሁን ቡሬ ውስጥ “የምርኩዝ ሥልጠና” ይባላል አሉ። ከየት እንደሄደ እናውቃለን፤ እነሱም ያውቃሉ።

በ2013 ዓ.ም. ከማንኩሳና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች የምናጓጉዛቸውን ሰዎች ከሦስት ወደ ዐሥራ አራት አድርሰዋል። ልጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ አረጋውያንን እየደወሉ “ምነው፣ ግድግዳው አልሰለቻችሁም?” ይሏቸው ነበር። ሐሙስ ወደ ሕክምና፣ ቅዳሜ ወደ ገበያ፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምናደርገው ጉዞ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዲህ ባለ መግለጫ ውስጥ አይጻፍም። ኮሚቴው ግን እንዲጻፍ በአብላጫ ድምፅ ወስኗል።

ግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የልደታ ዕለት፣ መኪናችን ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ዶፍ ይወርድ ነበር። አሽከርካሪያችን አቶ ወንዳወቅ ወይዘሮ ባንቺአየሁን ሳይጠይቁ ከዊልቸራቸው አንሥተው፣ ታቅፈው፣ በሕዝቡ መካከል ሮጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተገለጠ። ከተጠለለው ሰው የሳቀም ነበር።

“እቴቴ፣ ዝናቡ እንዳያበሰብስዎት ብየ ነውኮ” አሉ አቶ ወንዳወቅ።

“ዝናቡስ ልብሴን ነው የሚያበሰብሰው” አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። “ጆንያ ነኝ እኔ? አፍ የለኝም፣ አትጠይቀኝም?”

በማግስቱ ኮሚቴው ይቅርታ እንዲጠይቃቸው አመለከቱ። እኛም በደብዳቤ ቁጥር 47 “አሽከርካሪው ድርጊቱን በቀና ልቦና የፈጸመ በመሆኑ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ጥፋት አልተገኘም” ስንል መለስንላቸው። አቶ ወንዳወቅ በግላቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ቤት ሄደው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ፈልገው ነበር። ጥፋት ያመንን ያስመስልብናል ብለን የከለከልናቸው እኛ ነን። ያን ደብዳቤ የፈረሙት ሰዎች ዛሬ ይህን መግለጫ ያወጡት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ባንቺአየሁ በመኪናችን አልተሳፈሩም። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ስለሆነች ፊታቸውን ወደ ቡሬ አዞሩ። ገበያቸውን፣ ሕክምናቸውን፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዟቸውን ሁሉ ከምርኩዝ ማኅበር ጋር አደረጉ። ከዐሥራ አራቱ ተሳፋሪዎች ዘጠኙ ተከተሏቸው።

ቀንተናል። ሌላ ቃል ፈልገን አጥተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኩሳ ላይ የቡሬው መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው እናያቸው ነበር፤ ሲስቁ ካየናቸው ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝ ይለን ነበር። የምርኩዝ መኪና አሮጌ ነው ብለናል። መወጣጫው ገደል ነው ብለናል። አሽከርካሪው አቶ ቻላቸው አንድ ሰው እስኪያሳፍር ገበያው ይበተናል ብለን በየስብሰባው አምተናል። አንድ ጊዜም ስለ መወጣጫው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥቆማ አቅርበናል። መርማሪው መጥቶ ለክቶ ከእኛው ያነሰ ቁልቁለት ማግኘቱን ለአባላት ሳንገልጽ ቆይተናል።

በሁለቱም ማኅበሮች መኪና የሚሳፈሩት ወይዘሮ ሥርጉት ስለ አቶ ቻላቸው ያወሩልን ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ አንገብግቦናል። ሰውየው በየዕለቱ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ “ዛሬስ በየት በኩል ይመችዎታል?” ይላል አሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ አንድ ቀን “በቀኝ ያዘኝ” ይላሉ፤ ሌላ ቀን “ተወኝ፣ ራሴ እወጣለሁ” ይላሉ። ራሴ ካሉ የፈለገውን ያህል ቢቆዩ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን ለማድረግ አዲስ መኪናም ሆነ ሥልጠና አያስፈልግም ነበር። እኛ አላደረግነውም።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ያረፉት በእኛ ከተማ ነው። ቢሆንም አስከሬናቸውን ለመውሰድ ስንደርስ የቡሬው መኪና ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ፣ ቀድሞን፣ ከሕክምና ቦታው በር ፊት ቆሞ አገኘነው። ሰብሳቢያችን መሥራችነታቸውን ጠቅሰው አስከሬኑ በእኛ መኪና እንዲሄድ ጠየቁ። ያን ሰዓት ያን ነገር እጅግ ፈልገነው ነበር። ሞተውም ቢሆን ወደ እኛ እንዲመለሱ ነበር የፈለግነው።

መልስ የሰጡት እህታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ ናቸው። “እኔ ከመኪናችሁ ጋር ጠብ የለኝም” አሉ። “እሷ ግን ‘ይቅርታ እስኪሉኝ አልሳፈርበትም’ ብላለች። ብላችኋታል? ካላችኋት ይኸው፣ ውሰዷት።”

 አስከሬኑ በቡሬው መኪና ሄደ፤ የእኛ መኪና ለቀስተኛ ጭኖ ከኋላ ተከተለ። አቶ ወንዳወቅ እስከ ደብሩ ነድተው ደርሰዋል፤ ከመኪናው ግን አልወረዱም።

በሠልስቱ ዕለት ማኅተም ያረፈበት የይቅርታ ደብዳቤ ይዘን ለቅሶ ቤት ሄድን። ወይዘሮ ካሳነሽ በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጡን፤ ደብዳቤውን ግን ከነፖስታው መለሱልን። “የተጻፈው ለእሷ ነው። እኔ ምን ብየ እቀበለዋለሁ?” አሉ። በዚያ ቤት ደብዳቤውን ልንሰጠው የምንችለው ሌላ ሰው አልነበረም።

በመሆኑም ደብዳቤ ቁጥር 47 መሻሩን እናስታውቃለን። ጥፋት ነበር፤ ከአሽከርካሪያችን ጥፋትም የኮሚቴው ይበልጥ ነበር። ወደ ቡሬ የሄዱት ዘጠኝ ተሳፋሪዎቻችን እንዲመለሱ በዚህ መግለጫ አንጠይቅም። ሐሙስ ሐሙስ መኪናችን በየደጃቸው ያልፋል፤ የሚፈልግ ካለ ይቆማል።

ለእህታቸው ለወይዘሮ ካሳነሽ፣ ለቤተሰባቸው፣ በቃሬዛ ዘመን ትከሻቸውን ላልነፈጓቸው ጎረቤቶቻቸውና በመኪናችን አብረዋቸው ለተጓዙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለቡሬው ምርኩዝ ማኅበርና ለአቶ ቻላቸውም እንዲሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለማጽደቅ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቧል፤ ቅናቱ ዛሬም አልወጣልንም። ነገር ግን የምርኩዝ ሰዎች ሆይ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ እነዚያን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ተጠይቀው፣ ተከብረው የተሳፈሩት በእናንተ መኪና ነው። ሐዘኑ ከእኛ ይልቅ የእናንተ ነውና፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።