ከፍ ስላለችው የቀበሌያችን መኪና

ለክቡር አቶ ዐብዲሓኪም
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጅግጅጋ

ክቡር ሊቀመንበራችን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው፣ ቤተሰብዎስ፣ ወገብዎስ ደኅና ነው ወይ እላለሁ። ስለ ወገብዎ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያቺን መኪና በቀን ስንቴ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ወገቡ ሊጠየቅለት ይገባል። የመኪናይቱን ጤና ግን አልጠይቅም፤ ከሁላችንም የተሻለ እንክብካቤ እንደምታገኝ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነው።

እኔ ወለተሐና ነኝ፤ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ያለችው ሱቅ ባለቤት። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ አጻጻፌ ቢወለጋገድ ይቅር ይበሉኝ። ቢሮዎ መጥቼ እንዳልናገር አፍራለሁ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ጎረቤቴን ሆዮ ዐናብን ባየሁ ቁጥር የባሰ አፍራለሁ። ስለዚህ ጽፌ በሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት፤ ዕፍረትን ለብቻ ከመሸከም ከሰፈር ጋር ቢካፈሉት ይቀላል ብዬ።

መኪናይቱ ለቀበሌያችን ስትሰጥ ዝቅ ያለች፣ ደርባባ፣ ነጭ ቪታራ ነበረች። በአራቱም ጎማ ትስባለች ተባልን፤ እሰይ አልን። ምጥ የያዛትን አድርሳለች፣ ሽማግሌዎችን ለዕርቅ ወስዳለች፤ ማንም ሰው እቤቱ እንደሚገባ ነበር የሚገባባት። ከዚያ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ይዘዋት ሄደው አስጌጧት። ስትመለስ እኛ አላወቅናትም፤ እሷም እኛን አላወቀችንም። ስለዚህ ውለታዎ የማመሰግንባቸው ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ፓውዛዎቹ። ከፊቷም ከጣሪያዋ ፖርቶ መጋላም ላይ የተደረደሩት መብራቶች ሲበሩ፣ እኔ ቤት ሰርግ የተደገሰ ይመስላል። ልጆቼ መብራት በጠፋ ጊዜ እርስዎ እስኪገቡ ጠብቀው ያጠናሉ። አውራ ዶሮዬ ግን ነጋ አልነጋ ግራ ገብቶት አሁን ጨርሶ መጮኽ ትቷል።

ሁለተኛ፣ ከኮፈኗ ጎን ሽቅብ ስለቆመው ጥቁር ቱቦ። ሾፌርዎ ሪድዋን እንዳስረዳኝ፣ ወንዝ ስትሻገር ሞተሯ ውኃ እንዳይጠጣ ነው። ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ አስፋልት ነው፤ በመንገድዎ ላይ ያለው ጥልቅ ውኃ እኔ ልብስ አጥቤ የምደፋው ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ስላሳሰብኩዎት በጣም አዝናለሁ።

ፊት ለፊቷ ስለተገጠመው የብረት አጥር ልጽፍ ነበር፤ ግመል እንዳይገጫት ነው አሉኝ። ይሁን፣ ተውኩት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። መኪናይቱ በትልልቅ ጎማና በአዲስ ስፕሪንግ ከፍ ስትል፣ የጎን መርገጫዎቿ መልኳን አበላሹት ተብለው ተፈቱ፤ ሪድዋንም ከቀበሌው አጥር ሥር ጣላቸው። እኔም ያኔ ነገሬ አላልኩትም።

ባለፈው ሰኞ ረፋዱ ላይ የሆዮ ዐናብ ታናሽ እህት ቶጎጫሌ ላይ ማረፋቸው ተሰማ። እንደሚያውቁት ጀናዛ አያድርም፤ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ይወጣል ተባለ። ሆዮ ዐናብ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይሸፈን የእህታቸውን ፊት ማየት። በሚኒባስ ልሂድ ሲሉኝ፣ የሊቀመንበሩ መኪና እያለች ምን ሲደረግ ብዬ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይህች መኪና ማንም የማይደርስበት ትደርሳለች፣ ሲቸግራችሁ ጥሩኝ ብለውን ነበርና ሮጬ ጠራሁዎት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወዲያው መጡልን።

ሆዮ ከመኪናይቱ አጠገብ ሲቆሙ ወለሏ ወገባቸው ላይ ደረሰ። ጉልበታቸው እንደሆነ አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። ከሱቄ የለስላሳ ሳጥን አመጣሁ፤ ተንገዳገደ። ወንበር አመጣሁ፤ እግራቸው አልነሣ አለ። ክቡርነትዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሰዓትዎን ያዩልን ነበር፤ ስለ ሐሳብዎ አመሰግናለሁ። በዚህ መሐል ሪድዋን፣ በክፋት አይደለም፣ ከኋላ መጥቶ ሳያስፈቅድ ብብታቸውን ይዞ ብድግ አደረጋቸው። ሽቲ ቀሚሳቸው በበሩ ጠርዝ ተያዘና እስከ ጉልበታቸው ተገለበ።

እኒህ ሴት ሐጅ ያደረጉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሆዮ፣ እናቴ፣ የሚላቸው ሴት ናቸው። በረንዳዬ ላይ የተቀመጡት ወንዶች በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፤ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። አክብረዋቸው ስለዞሩ የምሰድበው ሰው አጣሁ፤ ዕፍረቱም መሄጃ አጥቶ እኔው ላይ ተቀመጠ።

ሆዮ አውርደኝ አሉት። ሽቲያቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ዛሬ በሸክም የምትሄደው እህቴ ናት፤ እኔ ገና ነኝ» ብለው ቤታቸው ገቡ።

መኪናይቱ ክላክሷን አሰምታ ሄደች። እኔ ሆዮን ለምኜ፣ በባጃጅ መናኸሪያ አድርሼ፣ በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ረዳቱም ሴት ልጅ አጠገባቸው አስቀመጠላቸው። ቶጎጫሌ ስንደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር። ሆዮ አንዲት ቃል አልወቀሱኝም። አሁንም ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፤ የመኪናዎን ድምፅ ሲሰሙ ግን የግቢያቸውን በር ይዘጋሉ፤ እኔም ሱቄ ውስጥ ዕቃ የምፈልግ መስዬ አጎነብሳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ፓውዛው ይብራ፣ ቱቦውም ሰማይ ይንካ፤ አልቃወምም። የምለምንዎት መርገጫዎቹ እንዲመለሱ ብቻ ነው። ማንም የማይደርስበት የምትደርሰው መኪናችን ከደጃችን ቆማ ለአንዲት አሮጊት መድረስ አቅቷታልና።

እርስዎን ከነከፍታዎ፣ መኪናይቱንም ከነጌጧ ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅልን እያልኩ፣ ከታች ሆና አንገቷን ቀና አድርጋ የምታይዎት፣ ደግሞ ወዲያው የምታቀረቅረው፣

አክባሪዎ
ወለተሐና፣ ባለሱቋ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ከአጥሩ ሥር ከተጣሉት መርገጫዎች አንደኛውን ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ፤ ሌብነት ከሆነ ልከሰስበት። ሁለት ድንጋይ ላይ አስደግፌ በሆዮ ዐናብ ደጃፍ አኑሬዋለሁ፤ ለጉልበታቸው ተስማምቷቸዋል። ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ የመጣው የሰፈር ሰው ሁሉ እሱን ረግጦ ገብቷል፤ እርስዎን ብቻ እንጠብቃለን። ሲመጡ አይሥጉ፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ብብትዎን ይዞ የሚያነሣዎት ሰው አያስፈልግዎትም።