የአይጠግቤን ዕረፍትና የምድጃችንን ውርስ የሚመለከት የሀዘን መግለጫ

የጋዝ ላቦራቶሪው ሠራተኞች የሥራ ባልደረባችን አይጠግቤ ማረፋቸውን የምናስታውቀው በመራራ ሀዘን ነው። ሆኖም መግለጫው ተነብቦ ሳያልቅ ማንም እንዳያለቅስ በጥብቅ እናሳስባለን።

አይጠግቤ የኒኬል ካታሊስት ነበሩ፤ ይኸውም ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያፈራርስ ዱቄት ማለት ነው። ሚቴን ጋዝ ይውጣሉ፣ ሃይድሮጅኑን ለእኛ ይለግሳሉ፣ ጥቀርሻውን ለራሳቸው ያስቀራሉ። እንዲህ ያለ ቸር በመሥሪያ ቤታችን ሁለተኛ የለም።

በጥር ወር ከኬሚስቷ እጅ ተወለዱ። እናትየው ገና ከመጀመሪያው «የዚህስ ሆዱ መሙያ የለውም» ብላ ስም አወጣችላቸው።

በየካቲት ምድጃ ገቡ። ቀዳሚዎቻቸው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ጥቀርሻ ተከናንበው አሸልበዋል። እሳቸው በሚያዝያም «ጨምሩልኝ» ባይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ አለ። ጎረቤታችን የሴራሚክ ክፍል አለቆችን ቃል አስገብቷል፤ አይጠግቤ ሰኔ ሳይገባ ካረፉ ምድጃውን ይወርሳል፣ እኛም ጠርሙስ አጣቢ እንሆናለን።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ማለዳ የሃይድሮጅኑ መውጫ ጭጭ አለ። መርዶ የሚል ቅጽል ያወጣንለት ቴክኒሻናችን «በቃ፣ ጥቀርሻው በላቸው» አለ። ጎረቤቶቻችን ተከታትለው ለልቅሶ ደረሱ። አንደኛው «አይዟችሁ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» እያለ የምድጃውን ወርድ በሜትር ይለካ ነበር።

ምድጃው በርዶ አስከሬን ለማውጣት ሲከፈት፣ ጥቀርሻው የመውጫውን ቱቦ እንደ ቡሽ ወትፎት ተገኘ። እናትየው በዘንግ ጎርጉራ አጸዳችውና ምድጃውን አሙቃ ጋዝ ብትለቅበት፣ መውጫው መተንፈስ ጀመረ። ለካ ሟች አልሞቱም፤ ያመረቱት በዝቶ በር ዘግቶባቸው ኖሯል። የወጣው ጥቀርሻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ፀጉር አድጓል፤ በየፀጉሩ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዳንድ የኒኬል ቅንጣት ጉብ ብሏል። ተቀበሩ ብለን ስናለቅስላቸው እሳቸው አናት ላይ ወጥተው ይጋልቡ ነበር።

እናትየውም ለመርዶ «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ሰው ከመግደልህ በፊት ቱቦውን ጥረግ» ብላዋለች።

ሰኔ ገብቷል፤ ምድጃው ከቦታው፣ አይጠግቤም ከምግባቸው አልተነሱም። ሀዘኑ ግን አንዴ ተጀምሯልና ባለቤት ሊያጣ አይገባም። ስለሆነም ላቦራቶሪው ለመላው የሴራሚክ ክፍል ቤተሰብ፣ በተለይም በድንጋጤ ሜትሩን ጥሎ ለሄደው ወንድማችን፣ መጽናናትን ይመኛል። ሜትሩ ከምድጃችን ሥር አለ፤ መጥቶ ይውሰድ፣ ሻይም እናፈላለታለን።