የእልፌ የሙዚቃ ሳጥን

እትዬ ለተጊዮርጊስ፣

ከሥላሴ ሳይመለሱ አውቶቡሱ ሊነሣ ሆነ፤ ሳልሰናበትዎ ሄድሁ። የግድግዳውን ሰዓት ሞልቼዋለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ይሄዳል።

የተፈታታውን የሙዚቃ ሳጥን ዕቃዎች በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። «ካልተሠራ ለሚያከብረው ይሰጥ» ብለውኝ የለ? አዲስ አበባ ላለው የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ሙዚየም አስረክባለሁ።

ያበላሸው እርጅና ነው ብዬዎት ነበር። ዋሽቻለሁ።
እንድጠግነው የሰጡኝ ዕለት፣ ሳጥኑ እንደ ሰዓት ሲሞላ ዜማውን የሚያወጣውን ማበጠሪያ መሳይ ብረት ስፈታ እጄን አዳለጠኝና ሦስት ጥርሱን ሰበርሁ። ሰዓት ሠሪ ነኝ ብዬ ቤትዎ ተከራይቼ፣ ይህን መናገር አፈርሁ።

ልጅዎ እልፌ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር፣ «ጋሼ ገብረአብ፣ መቼ ነው የሚዘፍነው?» ትለኝ ነበር።
«ለፋሲካ» አልኋት።
ኩፍኙ በሁዳዴ ወሰዳት።

በቀሩት ጥርሶች፣ ዜማው እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማ ነበር። ያንን እንኳ ላሰማት እችል ነበር። የሰበርሁት እንዳይታወቅብኝ ብዬ ተውሁት።

ሙዚየሙ የሰጪውን ስም ይጽፋል። የእልፍነሽን አስጽፋለሁ።

ሐሙስ እመለሳለሁ። ባያስገቡኝ አልቀየምም፤ የበሩን ቁልፍ መስኮቱ ላይ ትቼልዎታለሁ።

ገብረአብ