ከኮንጋ የመጣ ዋስ

ሰኞ

ሥራውን አግኝቻለሁ፤ ዋስ ካገኘሁ። ደረጀ ራሱ ደውሎ ነገረኝ። ባንክ ስሠራ ብድር ክፍል ውስጥ ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ይርጋጨፌ ያለው የቁጠባና ብድር ተቋም ሥራ አስኪያጅ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ መሠረት» ሲለኝ «አመሰግናለሁ» አልኩና የእህቴን ልብስ ማስጣቴን ቀጠልኩ። ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም። ቤቴ በሐራጅ ከተሸጠ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። ጥርስ ሊነቅሉ መርፌ የወጉት ሰው ጉንጩን እንደሚነካው፣ ራሴን እነካለሁ፣ የእኔ አይመስለኝም።

የሚፈለግብኝ፦ አራት ጉርድ ፎቶ፣ አሻራ፣ የጤና ምርመራ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ ከነደመወዝ ደብዳቤው። እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ካልሆነ ተጠባባቂው ይገባል።

ብድር ሰብሳቢ አድርገው የሚመድቡኝ ኮንጋ ነው፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለው የቡና ቀበሌ። ደረጀ «እዚያ ካንቺ ጋር የሚጣላ ሰው የለም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ባለፈው የሞላሁት ቅጽ ላይም «ያለብዎት ዕዳ» በሚለው መስመር «የለም» ብያለሁ። የባንኩ ዕዳ በቤቴ ተከፍሏል። የኮንጋው ዕዳ ወረቀት የለውም።

ወረቀት የለውም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ባንኩን ለቅቄ ቡና ነጋዴ ሆኜ ነበር፤ ካቻምና በእሸት ጊዜ ከኮንጋ ገበሬዎች ቀይ ቡና የወሰድኩት ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በቃል ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚገዛው፤ ቡናው ሲሸጥ ቀሪው ይሰጣል። ዋጋው ወረደ፣ ባንኩ ቀደመኝ፣ ከሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ኮንጋን አልረገጥኩም። የስልክ ቁጥሬንም ቀየርኩ።

ማክሰኞ

ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የእህቴ የእመቤት ባል። ጤና ጥበቃ ነው የሚሠራው። ለወንድሙ ፈርሟል፤ አንድ ሰው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈርመው። ይህን ሲነግረኝ እመቤት ሳህን ታጥብ ነበር፣ ቀና አላለችም። ቤታቸው መጥቼ ከተጠጋሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እንድሄድላቸው ከእኔ በላይ የሚፈልግ ካለ እነሱ ናቸው፣ ግን ለወንድሙ ፈርሟል።

የድሮ ጎረቤቴ መምህርቷ ለባሏ የአክስት ልጅ ፈርማለች። ዞን ፋይናንስ ያለው ወዳጄ ለሚስቱ እህት። ማዘጋጃ ቤት ያለችው ጓደኛዬ ሻይ ጋበዘችኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ እሷም ፈርማለች፤ ለማን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣላትም። ዲላ ውስጥ ያልፈረመ ሰው የለም። ሁሉም ዋስ ከሆነ ይህ ሁሉ ዋስ የሆኑለት ሰው የት ነው የሚሠራው? ስቄ ነበር፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ብቻዬን። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

ማታ ልጄ ሩት እግሯን እግሬ ላይ ጭና «ሥራ ከገባሽ የራሳችንን ቤት እንከራያለን?» አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አልጋው ለሁለታችን ጠቦናል። እናያለን አልኳት። ወደ ግድግዳው ዞረች። «እናያለን» የምለው መቼ መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

ረቡዕ

አሻራና የጤና ምርመራውን ጨርሼ ፎቶ ተነሳሁ። ቆንጆ ወጣሁ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ይመስላል።

የባንክ ባልደረባዬ የነበረ ሰው ጋ ሄድኩ። ፊርማ ጠየቅኩት፣ ለትራንስፖርት ብሎ ሁለት መቶ ብር ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዛሬ ብሩን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ ሳስገባ የታየኝ ለይርጋጨፌ ደርሶ መልስ እንደሚበቃ ብቻ ነው።

የታየኝ ሌላም ነገር አለ። ሥራውን ባገኝ የኮንጋ ሰዎች የሚያዩኝ በተቋሙ ሞተር ላይ፣ ባጅ አንጠልጥዬ፣ የሌላ ሰው ብድር ስሰበስብ ነው። ከዚያ በፊት ፊታቸው ልቁም። ባላገኘውም ልቁም። ይሰድቡኛል። ይስደቡኝ።

ሐሙስ

ሄድኩ። ከይርጋጨፌ በሞተር። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ረጨኝ። ቡናው ከእንሰቱ ሥር መቅላት ጀምሯል፤ ዘንድሮ ጥሩ ይይዛል።

አቶ ጅግሶ ደጃቸው ላይ ነበሩ። የቡና ገበሬዎቹን ሰብስበው ከእኔ ጋር ያስማሙት እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ ያመኑኝም እሳቸው። ሲያዩኝ አልተነሱም። ልጅ ልከው ሌሎቹን አስጠሩ፤ ስምንት ሆነው ተቀመጡ። ለራሴ የመዘገብኩበትን ደብተር አውጥቼ የእያንዳንዳቸውን ቀሪ በየስማቸው አነበብኩ። ገንዘብ እንደሌለኝ፣ ነገር ግን እንዳልረሳሁት ነገርኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ የዜና አንባቢ ነው የሚመስለው። አፈርኩበት።

ማንም አልተሳደበም። አቶ ጅግሶ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ አይለዩም፣ ሁሌም «አንተ» ነው የሚሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

አፍሬ ነው አልኩ።

አሁን የት እንደምሠራ ጠየቁኝ። የትም። የት ልገባ እንደነበር፣ ዋስ እንዳጣሁ፣ ነገ ቀኑ እንደሚያልቅ ነገርኳቸው። የተቋሙን ስም ስጠራ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱ ሳቀ። በእኔ የሳቀ መሰለኝ። ከዚያ በጌዴኦኛ ረጅም ተነጋገሩ። ስሜን ሦስት ጊዜ ሰማሁ፣ የአስቴርን ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ። አስቴር የአቶ ጅግሶ ልጅ ናት፣ እዚያው ኮንጋ መምህርት። ሲጨርሱ አቶ ጅግሶ ነገ አስቴርን ይዘው ይርጋጨፌ እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ለምን አላልኩም። ብጠይቅ የሚቀየር መሰለኝ።

ዓርብ

መጡ። አስቴር ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የደመወዝ ደብዳቤ እስክታወጣ ለአራት ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ማኅተም ያዢው ለቅሶ ሄዶ ነበር። ማኅተሙ ሲመታ ድምፁን ወደድኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ የወደድኩት ነገር ነው።

ተቋሙ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ቅጹን ሞላን። «ከዋስ ጋር ያለዎት ግንኙነት» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ምን ልበል? አቶ ጅግሶ አጎንብሰው አስነበቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዘመድ በል፣ ጻፍ። ገንዘባችን አንተ ጋ ነው። ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ?»

አስቴር ሳቀች። እኔ ብጠፋ ከደመወዟ የሚቆረጠውን ከአባቷ እንደምትቀበል ነግራኝ ፈረመች። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። ደረጀ ሰኞ ሥራ እንድገባ ነገረኝ። ለአቶ ጅግሶ አዲሱን ቁጥሬን ሰጠኋቸው።

ለሩት ቤት እንከራያለን አልኳት። «እናያለን» አላልኩም።

ቅዳሜ

ጠዋት ደረጀ ሰኞ ይዤው የምወጣውን ዝርዝር በቴሌግራም ላከልኝ። ኮንጋ ውስጥ የብድራቸው መክፈያ ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች ናቸው። ቁርስ እየበላሁ ከፈትኩት።

ሦስተኛው መስመር ላይ አቶ ጅግሶ አሉ።

ደብተሬን አምጥቼ ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩት። ስምንቱም ስሞች ዝርዝሩ ላይ አሉ። ሁሉም መክፈል ያቆሙት ካቻምና ነው፣ ከእሸት በኋላ። የእኔን ቀሪ ተማምነው ተበድረው ነበር። እኔ ስጠፋ እነሱም ባለዕዳ ሆኑ። ሐሙስ ሰውየው ለምን እንደሳቀ አሁን ገባኝ። ብድሩን ልጠይቃቸው የምመጣው እኔ እንደሆንኩ እያወቁ ነው ዋስ የሆኑኝ።

አለቀስኩ። ከሐራጁ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እመቤት ሮጣ መጣች፣ ሰው የሞተ መስሏት። ጥሩ አልነበረም፣ አመመኝ፤ ደረቴን፣ ጉሮሮዬን፣ ሁሉንም ቦታ። ግን የእኔ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ተበዳሪ ብዬ በራቸው ላይ ልቆም አልችልም፣ ደረጀም ሳያውቅ ልሠራ አልችልም። ቅጹ ላይ «የለም» ያልኩት ውሸት ነው። ሰኞ ጠዋት የሥራ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ። ከዚያ ሥራው ይኑር አይኑር አላውቅም። ለሩት ደግሞ ቃል ገብቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጅግሶ ጋ ደወልኩ። ዝርዝሩን እንዳየሁት፣ ሰኞ ሁሉን ለሥራ አስኪያጁ እንደምናገር፣ ምናልባት ሥራው እንደሚቀርብኝ ነገርኳቸው። ከበስተኋላቸው ዶሮ ይሰማኛል።

«ንገረው» አሉ። «ስልክህን ብቻ አትዝጋ።»

አልዘጋም አልኩ። ባትሪው ሊያልቅ ነበር፣ ቻርጅ ላይ ሰካሁት።